መጨረሻውን እያወቁ ማንበብ

የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች በተሰበሰቡበት ሁሉ የማትቀር አንዲት ጥያቄ አለች። «ሰሞኑን ምን እያነበብክ ነው?» ትላለች። የዋህ ትምሰል እንጂ ፈተና ናት፤ የሚጠራው መጽሐፍ የጠሪው መለኪያ ይሆናልና። እኔም ዶስቶየቭስኪን ጠርቼ፣ በዓሉ ግርማን ጠርቼ ፈተናዋን ያለፍኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ትራሴ አጠገብ የተቀመጠው በጋዜጣ የተለበደ፣ ጠርዙ የተበላ፣ የፍቅርና የጦርነት መጽሐፍ ነው። ሦስት ጊዜ ጨርሼው ለአራተኛ ጊዜ ጀምሬዋለሁ። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለዚያ መጽሐፍ ለመመስከር፣ እግረ መንገዴንም ለመናዘዝ ነው።

መጽሐፉ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ይባላል። አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቼል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ብላ የጻፈችው፣ ነቢይ መኮንን ወደ አማርኛ የመለሰው ነው። መጀመሪያ እጄ የገባው መጽሐፍ ከሚያከራይ አንድ ሱቅ ነው። የኪራይ መጽሐፍ ከገዙት መጽሐፍ የሚለይበት ነገር አለው፤ ከእርስዎ በፊት ያነበቡት ሰዎች ሁሉ አሻራቸውን ትተውበታል። የቱ ገጽ ተወድዶ እንደተደጋገመ በጣት እድፍ ይታወቃል። የቱ ተዘልሎ እንደታለፈ በወረቀቱ ንጣት ይታወቃል። በዚያ መጽሐፍ የጦርነቱ ገጾች ነጭ፣ የፍቅሩ ገጾች ጥቁር ነበሩ። እኔም ጥቁሩን ይበልጥ ካጠቆሩት አንዱ ነኝ።

እንዲህ ዓይነቱን የታሪክ የፍቅር ልቦለድ አንብቦ መድገምን ሃያስያን ብዙም አይወዱትም። ክርክራቸው ሲጠቃለል ይህን ይመስላል፦ የፍቅር ልቦለድ ጉልበቱ ጉጉት ነው፤ «ይገናኙ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ከተመለሰ በኋላ የሚቀረው ገለባ ነው፤ ገለባ ደግሞ የሚያመነዥገው ከብት እንጂ አንባቢ አይደለም።

ክርክሩ አንድ ነገር ዘንግቷል እላለሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ልቦለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ብለው ሲሰይሙት መጨረሻውን ሽፋኑ ላይ ጽፈውልናል። በዛብህና ሰብለ ወንጌል ወዴት እንደሚሄዱ መጽሐፉን ያልገለጠ ሰው እንኳ ያውቃል። ይህም ሆኖ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው አገር ሥራውን ፈትቶ ያዳምጥ ነበር። የሚወርደው እንባ ያልጠበቁት ነገር ስለመጣ የሚወርድ አልነበረም፤ የጠበቁት ነገር እንዳይመጣ እየተመኙ ሲመጣ በማየት የሚወርድ ነበር። በየወሩ በበዓሉ ቀን የሚነበበውን ድርሳን መጨረሻ የማያውቅ ምእመንም የለም፤ ያም ሆኖ ቆሞ ይሰማል። ስለዚህ ጉጉት የመጀመሪያ ንባብ ደመወዝ ቢሆን ነው። የሁለተኛው፣ የሦስተኛው ንባብ ደመወዝ ሌላ ነው። ምን እንደሆነ በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያው ንባብ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስካርሌት ኦሃራ ማንን ታገባለች? ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1861 ሚያዝያ፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሊፈነዳ ሲል፣ ጆርጂያ ውስጥ ታራ በሚባል የጥጥ እርሻ ነው። ስካርሌት የ16 ዓመት ልጅ ናት። አሽሊ ዊልክስን ትወዳለች፤ አሽሊ የአጎቱን ልጅ ሜላኒን ያገባል። እሷም በእልህ የሜላኒን ወንድም ታገባለች። ሬት በትለር የሚባል ከመኳንንቱ ወገን የተገለለ ነጋዴ ይህን ሁሉ እያየ ይስቃል። መጽሐፉ ሲያልቅ እሷ 28 ዓመቷ ነው፤ ሦስት ጊዜ አግብታለች፣ የምትወደው ማን እንደሆነ የገባትም ሰውየው ጥሏት ሲሄድ ነው። ይህን እስካውቅ ድረስ ሌሊቱን በኩራዝ አነጋሁት። ስለ አትላንታ መቃጠል የተጻፈውን ግማሹን ዘለልኩ።

በሁለተኛው ንባብ መጨረሻውን ስለማውቅ አልቸኮልኩም። ባለመቸኮሌም ሜላኒን አየኋት። በመጀመሪያው ጊዜ ለእኔ መሰናክል ነበረች፤ ደካማ፣ ደግ፣ አሰልቺ። አሁን ግን ከአራስ አልጋዋ ሳታገግም፣ ስካርሌት የገደለችውን ወታደር ለመደበቅ ሰይፍ እየጎተተች ስትመጣ አየኋት። ስካርሌት ከአሽሊ ጋር ተቃቅፋ ታየች ተብሎ ከተማው ሲያማት፣ ክንዷን ይዛ ከእንግዶቿ ፊት ያቆመቻት ሜላኒ ናት። ስካርሌት ጀግናዋ ወንድ ነው ብላ 12 ዓመት ስትፈልግ አጠገቧ የኖረችው ጀግና ይህች ሴት ነበረች። ሚቼል ይህን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ስትናገር ኖራለች፤ የማልሰማው እኔ ነበርኩ። እንደ ስካርሌት እኔም ዓይኔን ከአሽሊ ላይ አልነቀልኩም። የዚህ መጽሐፍ ጥበቡ አንባቢውን ከባለ ታሪኳ ጋር አብሮ ማሳወሩ ነው፤ መታወሩ ደግሞ የሚታወቀው በሁለተኛው ንባብ ብቻ ነው።

ሦስተኛውን ንባብ ያነበብኩት በአክስቴ ምክንያት ነው። አክስቴ መጽሐፉን ከእኔ ተውሰው ሲያነቡ አንድ ምዕራፍ ላይ ደጋግመው ይቆሙ ነበር። ስካርሌት ለታራ የሚከፈል 300 ዶላር ግብር አጥታለች። ሬት ደግሞ አትላንታ ውስጥ በአሸናፊዎቹ ወታደሮች እጅ ታስሯል። የሳሎኑን አረንጓዴ ከፋይ መጋረጃ አውርዳ ቀሚስ ታሰፋና፣ ሁሉ የሞላላት መስላ እስር ቤት ልትጠይቀው ትሄዳለች። ሰውየው ሊያምናት ይደርስና እጇን ያያል። እጇ በእርሻ ሥራ ተሰነጣጥቋል፤ ውሸቷ ይጋለጣል።

«ይኼን የጻፈችው ሴት ስንቅ አቀብላ ታውቃለች» አሉኝ አክስቴ። ታላቅ ወንድማቸው በ1970 ዓ.ም. ታስሮ ነበር። እሳቸው በየሳምንቱ ስንቅ ይዘው ሲሄዱ የጎረቤት ነጠላ ተውሰው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ የበዓል ቀሚስ ለብሰው ነበር። ቤቱ እንደተራበ እንዳያውቅ ነው። በዚያ ዘመን የሰው ልብስ እያጠቡ ይኖሩ ስለነበር እጃቸውን ከነጠላው ሥር ያወጡት አልነበረም። «እሱም እጅሽን አሳዪኝ አላለኝም። ያወቀ ይመስለኛል» አሉ።

ማርጋሬት ሚቼል ስንቅ አላቀበለችም። መጽሐፉን መጻፍ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1926 ቁርጭምጭሚቷ ተጎድቶ ቤት በዋለችበት ጊዜ ነው። ያሳተመችው በ1936 ነው፤ 1,037 ገጽ ሆኖ ወጣ፣ በዓመቱም የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ነገር ግን አማርኛውን የጻፈው ሰው እስር ቤትን ከውስጥ ያውቀው ነበር። ነቢይ መኮንን ይህን መጽሐፍ የተረጎመው በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ፣ ከሲጋራ ፓኮ በሚወጣ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው። ወረቀቶቹ በየጊዜው በሚፈቱ እስረኞች በኩል ተሰውረው ወጡ፤ እሱም ሲፈታ ለቅሞ አሰባሰባቸው። በ2016 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ገጣሚ፣ ተርጓሚና የአዲስ አድማስ ጋዜጣ አዘጋጅ ሆኖ የኖረው ነቢይ፣ ያንን የመጋረጃ ቀሚስ ምዕራፍ ሲተረጉም የእስረኛውን ወገን ሆኖ መሆኑን ሳስብ ይደንቀኛል። አክስቴ ከአጥሩ ውጭ፣ እሱ ከአጥሩ ውስጥ ሆነው በአንድ ገጽ ላይ ተገናኝተዋል።

የአማርኛው ርእስም የዚያ ቦታ ልጅ ይመስለኛል። የእንግሊዝኛው ርእስ ወደ ኋላ የሚያይ ነው፤ ነፋስ ይዞት ለሄደ ዓለም የሚለቀስ ሙሾ ነው። ነቢይ ግን ርእሱን ያደረገው መጽሐፉ የሚዘጋበትን ሐሳብ ነው፤ ወደ ፊት ያያል። ሚቼልም ራሷ መጽሐፉን በመጀመሪያ ልትሰይመው ያሰበችው በዚሁ ሐሳብ ነበር። ስለዚህ በአንድ ሽፋን ውስጥ ሁለት መጻሕፍት አሉ ማለት ይቻላል። አንዱ መሬቱና ባሪያው የተወሰደበት የጌታ ሙሾ ነው። ሌላው ርቧት ከተቃጠለ ጓሮ ሥር እየነቀለች የበላች ሴት ታሪክ ነው። እኛ አገር የተነበበው ሁለተኛው ነው። በዚያ ዘመን ያለፈን ሁሉ የሚያሳስበን ነገን ማየታችን ነበርና ሁለተኛውን መውደዳችን አይገርምም።

እስከዚህ ድረስ የምናገረው የደስታ ታሪክ ነው። አራተኛው ንባብ ግን እንደዚያ አልሆነልኝም።

በአራተኛው ንባብ ከዚያው ከምወደው ምዕራፍ ላይ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ሬት በትለር የታሰረው ለምንድን ነው? ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አልጠየቅሁም። የተከሰሰው ጥቁር ሰው ገድሏል ተብሎ ነው። ከተፈታ በኋላም መግደሉን ለስካርሌት ያምናል፤ ምክንያቱም ሰውየው አንዲት ነጭ ሴት ተዳፍሯል የሚል ነው። የሞተው ሰው ስም የለውም፣ ቤተሰብ የለውም፣ ስንቅ የምታቀብልለትም የለችም። ደራሲዋ እንድናዝን የምትፈልገው ለገዳዩ ነው፤ እኛም አዝነናል። አክስቴና እኔ፣ ሁለት አፍሪካውያን፣ ስለ ቀሚሱና ስለ እጁ ስናወራ ሬሳው በመካከላችን ተጋድሞ ነበር።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ሁሉ መልኩ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1860 በተደረገው ቆጠራ ጆርጂያ ውስጥ 462,198 ባሮች ነበሩ፤ ከ100 ሰው 44ቱ ገደማ ማለት ነው። በሚቼል ልቦለድ ከእነዚህ ውስጥ ጥሩ የሚባሉት ነጻነት ከታወጀ በኋላም ከጌቶቻቸው ጋር የቀሩት ናቸው። ለቀው የሄዱት ሰነፍ ወይም ባለጌ ናቸው። ጭምብል ለብሶ ጥቁሮችን የሚገድለው ማኅበር የክብር አስጠባቂ ሆኖ ቀርቧል። ሚቼል ራሷ እንደምትናገረው በልጅነቷ የድሮ ወታደሮች ጉልበት ሥር ተቀምጣ ወሬ ስትሰማ አድጋ፣ ደቡቡ መሸነፉን ያወቀችው ገና በ10 ዓመቷ ነው። የቤተሰብ ተረት እንዲህ ነው፤ የተሸነፈውን ጦርነት እንኳ ያልተሸነፈ ያስመስለዋል።

የታሪክ ልቦለድ አባት የሚባለው ዋልተር ስኮት እ.ኤ.አ. በ1814 የመጀመሪያ ልቦለዱን ሲያወጣ ታሪኩ ከ60 ዓመት በፊት የሆነ መሆኑን በንዑስ ርእሱ ተናግሮ ነበር። ሚቼልም የጻፈችው ጦርነቱ ካለቀ ከ60 ዓመት በኋላ ነው። ይህ ርቀት አደገኛ ርቀት ነው እላለሁ። ያዩት ሰዎች አርጅተዋል፤ የሚናገሩት ለልጅ ልጅ የሚሆነውን ብቻ ነው። ለልጅ ልጅ የማይነገረው ነገር ከእነሱ ጋር ይቀበራል።

ሐዲስ ዓለማየሁን ከዚህ ጎን ሳስቀምጣቸው ታላቅነታቸው ይበልጥ ይገባኛል። እሳቸውም በፍቅር ታሪክ ውስጥ ያለፈ ሥርዓት ሥለዋል፤ ነገር ግን ጉዱ ካሣን አስቀመጡልን። የመኳንንቱ ወገን ሆኖ መኳንንቱን የሚከስስ ሰው ነው። በአበጀ በለው የሚመሩትን ገበሬዎች በፊታውራሪ መሸሻ ላይ አስነሡ። አንባቢው ከሰብለ ጋር እያለቀሰ የሰብለን አባት ሥርዓት ይፈርድበታል። ሬት በትለርም በደቡቡ መኳንንት ላይ ይሳለቃል፤ የሚሳለቀው ግን ጦርነቱን ስለማያሸንፉ እንጂ ሰው ስለሚሸጡ አይደለም። ሚቼል ጉዱ ካሣ የላትም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳመመኝ የማሚ ነገር ነው። ማሚ ስካርሌትን ያሳደገች፣ እናቷንም ያሳደገች ባሪያ ናት። በ63 ምዕራፍ ውስጥ ከዚህ መጠሪያ በቀር ስም አልተሰጣትም። ነጻነት ታወጀ፤ አልሄደችም። ለምን? ስለምትወዳቸው፤ መጽሐፉ የሚለው ይህንን ነው።

ይህችን ሴት የሆነ ቦታ አውቃታለሁ ብዬ ቆየሁ። የማውቃት ከቤታችን ነው።

በአክስቴ አያት ቤት ምግብ የምታበስል፣ ልጆች የምታሳድግ አንዲት ሴት ነበረች። እኔ አልደረስኩባትም፤ አክስቴ በልጅነታቸው ጀርባዋ ላይ ታዝለዋል። በበዓል ቀን ቡና ተፈልቶ ዘመድ ሲሰበሰብ የምትነገር ታሪክ አለች። በ1934 ዓ.ም. ባርነት ፈጽሞ በአዋጅ ሲከለከል ቅድመ አያቴ ጠርተው «ነጻ ነሽ፣ ሂጂ» አሏት፤ እሷ ግን እግራቸው ላይ ወድቃ አለቀሰች፣ «ከእናንተ ተለይቼ ወዴት» አለች። ይህች ታሪክ ስትነገር ሁላችንም ደስ ይለናል። የእኛ ቤት ደግ ቤት ነበር ማለት ነው። ሚቼል ስለ ታራ የምትለውን፣ ቃሉን ብቻ ለውጠን፣ ጀበና ዙሪያ ስንለው ኖረናል።

አክስቴን ጠየቅኋቸው። «እትዬ፣ ብትሄድስ ወዴት ትሄድ ነበር? አገሯን ታውቀው ነበር?»

ብዙ ዝም አሉ። «በልጅነቷ ነው የመጣች» አሉኝ በመጨረሻ። «የአገሯን ቋንቋ ረስታው ነበር። ስሟም ቢሆን እኛ ቤት የወጣላት ነው።» ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ «እንደ ልጅ ነበረች እንላለን። የምትተኛው ግን ጓዳ ነበር። ርስት ሲካፈል አልተጠራችም» አሉ።

እንግዲህ ያ የታሪክ የፍቅር ልቦለድ፣ የእረፍት ንባብ፣ የቀላል አንባቢ መጽሐፍ የተባለው፣ ምንም የታሪክ መጽሐፍ ያላስጠየቀኝን ጥያቄ አስጠየቀኝ። ያስጠየቀኝም እውነቱን ስለነገረኝ ሳይሆን ስለዋሸኝ ነው፤ ውሸቱን ደግሞ አራት ጊዜ እስክሰማው ድረስ የእኛው መሆኑን አላወቅሁም። አንድ ጊዜ አንብቤ ብተወው ኖሮ ስካርሌትን አስታውሼ ማሚን እረሳት ነበር።

በአሜሪካ ይህን መጽሐፍ መልስ የሰጡት ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 አሊስ ራንዳል የተባለች ጥቁር ደራሲ ያንኑ ታሪክ በማሚ ልጅ አንደበት ተርካ አሳተመች፤ የሚቼል ወራሾች ከስሰዋት በኋላ በስምምነት ተጠናቀቀ። በ2014 ደግሞ በወራሾቹ ፈቃድ በወጣ አንድ ልቦለድ ማሚ ሩት የሚል ስም አገኘች፤ ልቦለዱ ከታተመ 78 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በ2020 ፊልሙ ከአንድ የፊልም ማሳያ አገልግሎት ለጥቂት ጊዜ ወርዶ ማብራሪያ ተጨምሮበት ተመለሰ። ማብራሪያውን አልቃወምም። ነገር ግን በመጀመሪያው ንባቤ ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ ባገኝ ኖሮ «ይህ የነጮች ጉዳይ ነው» ብዬ አልፈው ነበር። መጽሐፉ የእኔም ጉዳይ መሆኑን የነገረኝ ደስታው ነው። ካልወደድኩት አልደግመውም፤ ካልደገምኩት አላየውም ነበር።

ስለዚህ «የፍቅር ልቦለድ ደግሞ ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው» ለሚሉን ሃያስያን ያለኝ መልስ አጭር ነው። ሰው ደጋግሞ የሚያነበው የሚወደውን ነው፤ የሚወደው መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ የራሱ ውሸት አለ። ሃያሲ ሊነቅፈን የሚገባው ደግመን ስላነበብን ሳይሆን በሁለተኛው ጊዜ በመጀመሪያው ዓይን ስላነበብን ነው። እኔም ሦስት ጊዜ እንደዚያ አድርጌያለሁና ነቀፌታው ይገባኛል።

ስለ ርእሱም ያለኝ ሐሳብ እንደ ቀድሞው አይደለም። «ነገም ሌላ ቀን ነው» የሚለውን ተስፋ ዛሬም እወደዋለሁ፤ ነቢይ በፓኮ ወረቀት ላይ የጻፈው፣ አክስቴ በተውሶ ነጠላ የኖሩት ተስፋ ነው። ነገር ግን ስካርሌት በመጨረሻው ገጽ ነገን ስታስብ የምታስበው ወደ ታራ መመለስን ነው፤ ታራ ውስጥ የምትጠብቃት ደግሞ ማሚ ናት። የአንዷ ነገ የሌላዋ ጓዳ ነው። ያንን ሳላይ ተስፋውን ብቻ ስዘምር ኖሬያለሁ።

መጽሐፉ አሁን አክስቴ ዘንድ ነው። ባለፈው ሰሞን ልጠይቃቸው ብሄድ የመጋረጃው ቀሚስ ምዕራፍ ላይ መነጽራቸውን አስቀምጠውበት አገኘሁት። በዚህ ዓመት በዓል ቡና ላይ ያቺ የተለመደችው ታሪክ ስትጀመር አክስቴ «ስሟን የምታውቁ አላችሁ?» ብለው አቋረጡ። የሚያውቅ አልነበረም። ታሪኳ ሳታልቅ ሁለተኛው ቡና ተቀዳ።